ደስታነሽ የሸሸገችው ደብተር

ደስታነሽ ታደሰ ሰው አታምንም። መርሳ ገበያ ፓፓያ ስትሸጥ ሠላሳ ዓመት ኖራለች፤ ዛሬም «እንዴት አደርሽ» ያላትን ሁሉ ምን ፈልጎ ይሆን ትላለች። አይፈረድባትም። አባቷ ሊሞት ሲል የነገራት ነገር ማንንም ቢሆን ተጠራጣሪ ያደርጋል።

አያቷ ማሩ በልጅነቱ ተሽጦ ሐብሩ የመጣ ሰው ነበር። የጌታው ልጅ ፊደል ሲቆጥር እሱም ውሃ እያቀበለ አብሮ ቆጠረ። ነጻ ከወጣ በኋላ ማን ማንን እንደገዛ በስም እየጠራ ደብተር ላይ አሰፈረ፤ ሰው መሸጥ ይቅር እያለም ለሕዝብ አነበበው። ደበደቡት፤ እሱ ግን አልተወም። ልጁ ታደሰ ደግሞ ፈሪ ወጣ። ልጆቼን «ባሪያ» ይሉብኛል ብሎ ደብተሩን ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። ለደስታነሽ የዘር ሐረግ ሲያስጠናትም የማሩን ጌታ የሲሪንቃውን ወንዳወቅን የማሩ አባት አድርጎ አስቆጠራት። ሊሞት ሲል ግን እውነቱን ነገራት፤ «ይህን ደብተር ማንም እንዳያየው» ብሏትም ሞተ። እሷ ማንበብ አትችልም፤ የሚያነብላት ሰው ደግሞ አላመነችም።

አምና ኤርሚያስ የሚባል የታሪክ መምህር ከወልድያ መጣ።

«እማማ፣ የአያትዎን ጽሑፍ ቢያሳዩኝ?»

«አይጥ በልቶታል» አለችው፣ ዓይኑን እንኳ ሳታይ።

ልጇ መቅደላ የታጨችበት ሰሞን ነበር። የእጮኛዋ አባት አቶ በላይ ዘሬን ሊያሰልል የላከው ነው ብላ ደመደመች።

ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌዎች ዝምድና እንዳይኖር ሰባት ቤት ሊያስቆጥሩ ተሰበሰቡ። ደስታነሽ ጀመረች፦ «መቅደላ፣ ደስታነሽ፣ ታደሰ፣ ማሩ፣ ወንዳወቅ...» አቶ በላይ ፊቱ ተለወጠ። የእሱም ልጅ ሲቆጠር እስራኤል፣ በላይ፣ ደምሴ፣ አበባው፣ ከዚያ ያው የሲሪንቃው ወንዳወቅ ሆነ።

«ዘመዳሞች ናቸው፤ ጋብቻው አይሆንም» አሉ አንደኛው ሽማግሌ። መቅደላ ከጓዳ ስታለቅስ ተሰማ።

ደስታነሽ ጨነቃት። ዝም ብትል የልጇ ትዳር ይቀራል፤ ብትናገር ዓመታት ሙሉ የሸሸገችው ይወጣል። ምናልባትም በላይ ሁሉን እያወቀ ሊያናግረኝ ፈልጎ ይሆናል ብላ ጠረጠረች። የልጇ ለቅሶ ግን አላስችል አላት። ሽማግሌዎቹን ሌላ ቀጠሮ ጠይቃ፣ የበላይ ሰላይ ከሆነም እሱው ያንብበው ብላ ኤርሚያስን አስጠራችና በሳምንቱ ደብተሩን ከሽማግሌዎቹ ፊት ሰጠችው።

ኤርሚያስ አነበበ፦ «ወንዳወቅ አባቴ አይደለም። በአንዲት በቅሎ ለውጦ ወሰደኝ። የአባቴን ስም አላውቅም፤ ሳለቅስ ግን አንገቱ ላይ አድርጎ ያባብለኝ ነበር።»

ደስታነሽ ያቺ «ባሪያ» የምትል ስድብ ከማን አፍ እንደምትወጣ ለማወቅ አንድ በአንድ ፊታቸውን አየች። ሽማግሌው «እንግዲህ ዝምድና የለም፤ ይጋቡ» አሉ።

አቶ በላይ ግን መሬት መሬት ያያል። ሰው ሲበተን ጠጋ አላትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወንዳወቅ ቅድመ አያቴ ነው። አደራዎን፣ ይህ ነገር እዚሁ ይቅር» አላት።

ለካ የሚያፍረው እሱ ኖሯል! ደስታነሽ ተናደደች፤ ስታፍርበት የኖረችው ዘመን አንገበገባት።

«ይህን ሁሉ ዓመት እኔ ፈርቻለሁ፤ ይበቃል» አለችው። ወደ ኤርሚያስ ዞረች። «ውሰደው ልጄ። ማንበብ የሚችል ሁሉ ያንብበው።»