መስኮቴ ላይ የደረደርኩት ሳንቲም

እኔ ስናደድ ምላሴ ልጓም የለውም፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። የእነዚያ የሚያብለጨልጩ ሳንቲሞች ነገር ሲነሳ ግን ከማንም በላይ የምናደደው በራሴ ነው።

ጎንደር ፒያሳ ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለችኝ። ደብተርና እስክሪብቶ የምሸጠው ለእንጀራዬ ነው፤ የድሮ ሳንቲም የምሰበስበው ግን ስለምወደው ብቻ ነው። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እንደኔው ሳንቲም የሚወዱ አራት ሰዎች ሱቄ ውስጥ ይሰበሰቡ ነበር። አንዱ ገጠር ሄዶ ያገኘውን፣ ሌላው ከአያቱ ሣጥን ያወጣውን ይዞ ይመጣል። እናገላብጣለን፣ እንከራከራለን፣ እንቀያየራለን፤ አንዳንዴም ተኳርፈን እንለያያለን። በሳምንቱ ግን ማንም አይቀርም ነበር።

ከዚያ ባለሣጥኑ ሳንቲም መጣ። የከተማችን ግንብ የታተመበት፣ ወርቅ የሚመስል፣ በጠራ ፕላስቲክ የታሸገ፣ ቀይ ከፋይ በለበሰ ሣጥን የተቀመጠ፤ ማኅተም ያለበት ወረቀትም አብሮት አለ። ይዞት የመጣው ነጋዴ «የተሠራው ጥቂት ብቻ ነው፤ ዋጋው ከዓመት ዓመት ይጨምራል። ፕላስቲኩ ከተከፈተ ግን አለቀለት» አለኝ። እኔ፣ ያን ሁሉ ዘመን ሳንቲም ሳገላብጥ የኖርኩት ሴት፣ ስድስት ሣጥን ወስጄ መስኮቴ ላይ ደረደርኩ። አምስቱን ያንኑ የነጋዴውን ቃል እየደገምኩ ሸጥኳቸው። ትርፉ ደስ ይል ነበር፤ አልዋሽም።

ከእሑድ ጓደኞቻችን አንዱ የባንክ ሠራተኛ ወጣት ነበር። ከእኔም ከሌላም እየገዛ ቁም ሣጥኑን ሞላው። አንድ ቀን ቸግሮት ሊሸጥ ቢወጣ የሚገዛው አጣ። የድሮዎቹን ሳንቲሞቹን ሳይቀር ሰብስቦ ለአንጥረኛ ሸጠና «ሁሉም ማጭበርበር ነው» ብሎ በዚያው ቀረ። ሌሎቹም አንድ በአንድ መምጣት ተዉ። የተረፈችውን ሣጥን ከመስኮቱ አንስቼ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኳት፤ ለማንም ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ጥር ሲገባ ለልጆቻቸው ደብተር ከእኔ የሚገዙ አንድ የአምባ ጊዮርጊስ ገበሬ ሱቄ መጡ። ከጋቢያቸው ሥር ያንኑ ቀይ ሣጥን አወጡ።

«ትልቋን ልጄን በዚህ ወር ልድራት ነው፤ እቴ፣ ይህን ሽጭልኝ» አሉ። «ሸጋ ዋጋ እንዳለው የሰጠኝ ሰውዬ ነግሮኛል።»

«በስንት ገዙት፣ አያ?»

«በገንዘብ አይደለም። በእናቷ አራት ጠገራ ለወጥኩት።»

ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። አራቱ ጠገራ ብር ከአንገታቸው የማይለይ ጌጣቸው ነበር፤ ልጅቱ በሠርጓ ቀን እንድታደርገው ተናዝዘውላታል። ሰውየው ወርቁ ከጠገራው ብዙ እጥፍ ያወጣል ሲላቸው ጊዜ፣ ሸጠው ድግሱንም ሊችሉ፣ ጠገራውንም መልሰው ሊገዙ አስበው ኖሯል።

ገረመኝ። እኒህ ሰው ጠገራ ሲቀበሉ ድንጋይ ላይ ጣል አድርገው ድምፁን ካልሰሙ፣ ብሩ ላይ የታተመችው ሴትዮ ግንባር ላይ ያለውን ጌጥ በጥፍራቸው ካልቆጠሩ እጃቸውን የማይዘረጉ ናቸው።

«ምነው ይህን ሳይፈትኑት?»

«ታሽጎ እንዴት ልፈትነው? ከተከፈተ አለቀለት አለኝ።»

መቀስ አንስቼ ፕላስቲኩን ቀደድኩትና ሳንቲሙን ደጃፉ ድንጋይ ላይ ጣልኩት። እንደ ጠርሙስ ክዳን ቀጭ አለ። አላነሱትም። በርጩማው ላይ ቁጭ ብለው መሬት መሬቱን ያዩ ጀመር።

«አራቱንም አመጣልዎታለሁ» አልኳቸው። እንዴት እንደማመጣ አላውቅም ነበር።

መልኩን ብጠይቃቸው ነጋዴው ለእኔም የሸጠልኝ ያው ሰው ነው፤ በገበያ ቀን ማክሰኝት እንደሚውል ነገሩኝ። በመጀመሪያው የገበያ ቀን በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከእህል ተራው ጫፍ ጥላ ዘርግቶ አገኘሁት፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ደንበኛዬ» ብሎ ተቀበለኝ። የአምባ ጊዮርጊሱን ገበሬ አራት ጠገራ መልስ አልኩት። በፈቃዳቸው ነው የለወጡት አለ። ጠረጴዛው አጠገብ ሽንጤን ገትሬ ቆምኩ። ሣጥን የሚያነሳ ሰው በመጣ ቁጥር «ፕላስቲኩን ይቅደድልህና ድንጋይ ላይ ጣለው» እላለሁ። ነጋዴው አይቀድም፤ ገዢው ሣጥኑን መልሶ ይሄዳል። ራሴ አምስት ሣጥን መሸጤን ግን ለአንዱም አልነገርኩም።

እኩለ ቀን ላይ ሦስት ጠገራ ወረወረልኝ። አራተኛው ተሽጧል አለ። ድንጋይ ፈልጌ ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ሁለት ገዢ እንደመለስኩበት አራተኛውም ከኪሱ ተገኘ።

በሳምንቱ ሽማግሌው ገበሬ መጡ። ደጃፉ ላይ ጎንበስ ብለው አንድ በአንድ ድንጋዩ ላይ ጣሏቸው፤ አራቱም እንደ ደወል አቃጨሉ። ጌጡን በጥፍራቸው ቆጠሩ። ከዚያ ቀና ብለው ቤትሽ ይሙላ፣ ክፉ አይንካሽ እያሉ ምርቃቱን አወረዱት። አልቻልኩም።

«አያ፣ አይመርቁኝ» አልኳቸው። «ያን ነገር እኔም ሸጫለሁ።»

«አውቃለሁ፣ እቴ። መስኮትሽ ላይ አይቼው አይደል ያመንኩት? ታዲያ ሌላ ወዴት ልሄድ ኖሯል?»

ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ጠገራዎቹን በመሐረብ ቋጥረው፣ የሠርጉን ቀን ነግረውኝ ወጡ።

በማግሥቱ ሱቄን ዘግቼ፣ የአምስቱን ሣጥን ገንዘብ ይዤ፣ ከእኔ የገዙትን ሰዎች ቤት እየጠየቅኩ መዞር ጀመርኩ።