ያልተቆለፈው ብስክሌት

ነጋሽ ሚኤሶ ውስጥ አስፋልት ዳር ያለውን የእህል መጋዘን መጠበቅ ከጀመረ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንዲት ከረጢት ማሽላ አልጎደለችበትም። ይህን ለሰው ማውራትም ይወዳል።

መምህር ጃዕፈር የሚያስተምረው ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ ባለ ትምህርት ቤት ነው። አርብ አርብ ለጁምዓ ሲመለስ ብስክሌቱን ነጋሽ ዘንድ ያቆማል። መጀመሪያ ላይ ጎማውን በሰንሰለት ይቆልፍ ነበር። "መምህር፣ ክፍቱን ተወው፤ መኪና ሲገባ ማንሳት ያስቸግረኛል። እኔ እያለሁ ማን ይነካዋል?" ያለው ነጋሽ ነው።

ጥቅምት ውስጥ አንድ አርብ ማሽላ የጫነ መኪና መጣ። ነጋሽ ብስክሌቱን አውጥቶ ከበሩ ውጭ ግንቡን አስደገፈው። ሾፌሩ የአሰቦት ልጅ፣ ያገሩ ሰው ሆኖ አገኘውና ስለ ዝናብ፣ ስለ ከብት ወሬ ያዙ። ነጋሽ ትዝ ብሎት ሲወጣ ብስክሌቱ የለም።

ጃዕፈር ከመስጊድ ተመለሰ። "ጋሽ ነጋሽ፣ ብስክሌቴስ?"

"እኔም እየፈለግሁት ነው። አልቆለፍከውም ነበር እንዴ?" አለ ነጋሽ። ከአፉ እንደወጣ ደነገጠ፤ ግን አላረመውም።

ጃዕፈር ግንባሩን ያዘ። "አልቆለፍኩትም። የራሴ ጥፋት ነው።"

ፖሊስ ጣቢያም ያንኑ ደገመ። ነጋሽ ደግሞ "ግቢ ውስጥ እንዳቆመው ነው የጠፋው፤ አልቆለፈውም" ብሎ ፈረመ። የመጋዘኑ ኃላፊ ለግል ንብረት ድርጅቱ አይጠየቅም አሉና ነገሩ በዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲያ መምህሩ በእግሩ ሆነ። ማለዳ በመጋዘኑ በር ሲያልፍ "እንዴት አደሩ ጋሽ ነጋሽ?" ሳይል አይሄድም። ነጋሽን የሚያንገበግበው ይሄ ሰላምታ ነው። ቢጠረጥረው፣ ቢያኮርፈው ይሻለው ነበር።

ታኅሣሥ ላይ የጃዕፈር ሚስት ኢንሳፍ ማሽላ ልትገዛ መጣች። "እግሩ ቆስሎ ነው የሚመጣው" አለችው። "እኔ ደግሞ ግድ የለሽ ነህ እያልኩ አላስቀምጠው አልኩ። እውነቴን አይደል፣ ጋሽ ነጋሽ?" ነጋሽ ከረጢቱን አሸከማት።

በማግስቱ የጥበቃ ተራው አልነበረም። ጃዕፈርን መንገድ ላይ ጠብቆ አብሮት መሄድ ጀመረ። ከከተማው እንደወጡ ሁሉንም ነገረው፤ ክፍቱን ተወው ማለቱን፣ ውጭ ማቆሙን፣ ወሬውን፣ ፊርማውን።

ጃዕፈር ቆመ። "ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?"

"አፈርኩ። ከእጁ ጠፋ እንዳልባል ፈራሁ።"

"መኪና መጥቶ ነው፣ ረስቼው ነው ቢሉኝ ወላሂ ምንም አልልም ነበር። ሰው ይረሳል። እኔ ግን ሁለት ወር ሙሉ ሚስቴ ፊት አንገቴን ደፍቼ ኖርኩ።" ነጋሽ ሊከተለው ሲል "ይመለሱ፤ ልጆቹ ይጠብቁኛል" ብሎት ሄደ። ይቅር ብዬዎታለሁ አላለም።

ነጋሽ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። ተረኛው ፖሊስ መዝገቡን እያየ "ብስክሌቱ እንደሆነ አልተገኘ፤ አሁን ይሄ ምን ይጠቅማል?" አለው። "ግድ የለም፣ ይጻፍልኝ" አለ ነጋሽ። ከዚያ እነ ጃዕፈር ቤት ሄዶ ደጃፍ ላይ እንደቆመ ለኢንሳፍ ነገራት። ይግቡ አላለችውም። እዚያው ቆማ እስኪጨርስ ሰማችው።

ብስክሌቱ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ጃዕፈር አንዳንድ ቀን በአስፋልቱ ማዶ ያልፋል። ያኔ ነጋሽ ከወንበሩ ተነስቶ ቀድሞ ሰላም ይለዋል።