ባሌ ያልነገረልኝ ቀስተ ደመና

ባሌን ይቅር አላልኩትም። ሰው ከሞተ በኋላ ቂም አይያዝም ይሉኛል፤ እኔ ግን ይዣለሁ።

ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። በእኛ ሰፈር ባል ያላት ሴት ሐኪም ዘንድ ስትሄድ በሽታዋን የሚናገረው ባልየው ነበር። እሷ አጠገቡ ቁጭ ብላ ነጠላዋን ታስተካክላለች። የኔው ደግሞ ባቡር ጥገና ላይ ሲሠራ የለቃቀማት ፈረንሳይኛ ነበረችው። ፈረንጅ ሐኪም ፊት ደረቱን የሚነፋበት ቀን ሲያገኝ ደስታውን አይችለውም። እኔ ታምሜ እሱ አማረበት።

ያመመኝ የግራ ዓይኔ ነው። ሲመሽ ከዓይኔ በስተኋላ ያቃጥለኝና ጭንቅላቴን ወጥሮ ይይዘኛል፤ ያስመልሰኛል። ከሕመሙ በፊት ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይቀድም ነበር። የድሬዳዋችንን የከዚራ ሰፈር የመንገድ መብራቶች ቀና ብዬ ሳይ እያንዳንዱን አምፖል ቀስተ ደመና ከቦት አያለሁ።

የፈረንጁ ሐኪም በር ላይ ስንደርስ፣ «ቀስተ ደመናውንም ንገረው» አልኩት።

«ተይ አቦ! ሚስቴ አብዳለች ልበለው? እንዲህ ያለ ነገር ለሐኪም ይነገራል?»

ገባን። ፈረንሳይኛውን ባልሰማም እጁን አይ ነበር፤ ግንባሩን ነካ፣ ከዚያ ሆዱን ነካ። ወደ ዓይኑ አንድም ጊዜ አልጠቆመም። ሐኪሙም እኔን ቀና ብሎ ሳያየኝ ወባ ነው አለ። ያን ጊዜ ድሬዳዋ ላይ ራሱን ያመመው ሁሉ ወባ ነበረበት። ጆሮዬ እስኪጮህ ኪኒን ዋጥኩ፤ ክረምቱ ሳይወጣ የግራ ዓይኔ ጠፋ።

በዓመቱ ቀስተ ደመናው በቀኝ ዓይኔ መጣ። አማርኛ የሚናገር የዓይን ሐኪም ከተማው ገብቷል ሲሉ ሰምቼ ብቻዬን ልሄድ ተነሳሁ። ባሌ ተከተለኝ። ገና ከመቀመጣችን፣ «እሷን እንግዲህ ራሷን ያማታል» ብሎ ጀመረ።

«አንተ ዝም በል!» አልኩት። በሰው ፊት እንዲህ ብዬው አላውቅም ነበር።

ሐኪሙ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። «እርስዎ ይንገሩኝ» አለ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ቀስተ ደመናው ላይ ስደርስ ብዕሩን አስቀመጠ።

«የዓይንዎን መቅላት አየዋለሁ፣ መጠንከሩንም በጣቴ አውቀዋለሁ» አለኝ። «ቀስተ ደመናውን ግን ከእርስዎ በቀር የሚያየው የለም። ዓይን ውስጥ ያለው ውሃ መውጫ አጥቶ ሲጫን የሚመጣ ምልክት ነው። ካልተነገረኝ ከየት አገኘዋለሁ?»

«ያኔ ተነግሮ ቢሆን ግራው ይተርፍ ነበር?»

«ሳይተርፍ አይቀርም ነበር።»

ዓይን ውስጥ የሚንጠባጠብ መድኃኒት ሰጠኝ፤ በኋላም ቀዶ ጥገና አደረገልኝ። ይህን የምጽፈው በዚያ በተረፈው ዓይን ነው።

የዚያን ዕለት ስንመለስ የደረቀውን የደቻቱን ወንዝ አሸዋ እያቋረጥን ሳለ ባሌ ድምፁን አለስልሶ፣ «እንዲህ ያለውን ነገር ቀደም ብለሽ ለምን አልነገርሽኝም?» አለኝ።

በቀኜ ነበር የሚሄደው፤ ቆም ብዬ አሳለፍኩትና ዞሬ በግራዬ፣ በጠፋው ዓይኔ በኩል አደረግኩት። እስኪሞት ድረስ አብረን ስንሄድ በዚያ በኩል ነበር።