ማተብ ያሰርኩበት የውኃ ሣጥን

ይህን ነገር ለሰው ተናግሬው አላውቅም፤ ለነፍስ አባቴም ቢሆን። እዚህ ሐረር ከመጣን በኋላ አንድ የሁዳዴ ዓርብ ጀምሬው ነበር። «አባ፣ አንድ ሰው በድያለሁ» አልኩ። ማንን፣ በምን ብለው ቢጠይቁኝ ምናልባት እናገር ነበር። አልጠየቁኝም፤ ከኋላዬ ብዙ ሴቶች ተራ ይጠብቁ ነበር። አርባ ስግደት አዘዙኝ፤ ሰገድኩ። የሰገድኩት ግን ለየትኛው ኃጢአት ነው? ስሙን ላልጠራሁት? እናንተ የምታነቡት ጠይቃችሁኛል ብዬ ልቁጠርና ልናገር።

አገሬ ዛሪማ ነው። የቄስ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ዳዊት አስደግመውኛል። ጣሊያን በወጣ በጥቂት ዓመት ጎንደር ገብቼ ከአንድ ዳኛ ቤት ለጓዳው ኃላፊ ሆንኩ። ቤቱ ጣሊያን የሠራው ስለሆነ ሽንት ቤቱ ከውስጥ ነው። ከመቀመጫው በላይ፣ ከጣሪያው ሥር የብረት የውኃ ሣጥን ተሰቅሏል፤ ሰንሰለቱ ሲሳብ ውኃው ይወርዳል። መጀመሪያ ሰሞን ሰንሰለቱን በያዝኩ ቁጥር አማትብ ነበር።

ያ ሣጥን አንድ ክረምት ማፍሰስ ጀመረ። ሰንሰለቱን ማንም ሳይነካው ውኃው እንደ ክር ቀጥኖ ወደ መቀመጫው ይወርዳል፤ ቀኑን ሙሉ ሲንሿሿ ይውላል። የከተማው ውኃ የሚመጣ ጠዋት ብቻ ነበርና ቀትር ሳይሆን ውኃ የምናጠራቅምበት በርሜል ባዶ ይሆናል። እሜቴ፣ የዳኛው ባለቤት፣ ቀልደኛ ነበሩና «ይህ ቤት ተቅማጥ ያዘው» ይሉ ነበር።

ዳኛው ከጎንደር አጠገብ ካለችው ከወለቃ አንድ ሰው አስጠሩ። አያ በየነ ይባላል። ብረት ቀጥቃጭ ነው፤ በጣሊያን ጊዜ ደግሞ የቧንቧ ሥራ ተምሯል። አሁን በጽሑፍ አያ እለዋለሁ እንጂ ያን ጊዜ እንዲህ ብዬ ጠርቼው አላውቅም፤ «አንተ ሰውዬ» ነበር የምለው። በእኛ ዘንድ የቀጥቃጭ ዓይን ሰው ይበላል ይባላል። እሱ ደግሞ ቅዳሜን የሚያከብር፣ ሃይማኖቱ ሌላ፣ ከማዕዳችንም የማይቀርብ ሰው ነበር። ዳኛው ሥራህ ካማረ ለከተማው የውኃ ሥራ ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ አሉት። የሰው መሬት ለሚያርስ፣ ሚስቱ ሸክላ ሠርታ መንገድ ዳር ለምትሸጥ ሰው ያ ደብዳቤ ምን እንደነበረ አውቅ ነበር። አዎ፣ አውቅ ነበር።

ወንበር ላይ ወጥቶ ሲሠራ እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ከበሩ ቆምኩ፤ በልቤ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ። እሱም ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ያንጎራጉር ይሁን ይቁጠር አልሰማሁም። የሣጥኑን ቀዳዳ የምትዘጋውን ያረጀች ጎማ አውጥቶ ከማኪና ጎማ ሌላ ክብ ቆርጦ ገጠመ። ከዚያ ጠርቶ አሳየኝ።

«እኅቴ፣ ነገሩ ከዚህች ጎማ ነው። እንደ እንስራ ክዳን ልክክ ካላለች ታፈሳለች። ፀጉር እንኳ ቢገባባት አትዘጋም። አደራ፣ ምንም እንዳይነካት።»

ሰምቼዋለሁ? ካልሰማሁት ቃሉን እንዴት እንዲህ አድርጌ እጽፈዋለሁ? ከሰማሁት ደግሞ ያደረግሁትን እንዴት አደረግሁ? ስንት ዓመት ሙሉ እዚችው ላይ እዞራለሁ።

ውኃው ቆመ። እሜቴ የተቅማጡን ነገር ሲነግሩት ሳቀና «እንግዲህ እሜቴ፣ ቁርጠቱም ይለቀዋል» አለ። በማግሥቱ እኔን ሆዴን ቆረጠኝ። በዋዜማው የበላሁት ሽምብራ ይሆናል፤ ዛሬ ሳስበው ሽምብራው ነው። ያን ጊዜ ግን እንዲህ ብዬ አሰብኩ፤ ቁርጠቱ ቤቱን ለቅቆ እኔ ውስጥ ገባ። እጁ ከዚያ ሣጥን ውስጥ ነው ያለ፤ ሰንሰለቱን በሳብን ቁጥር ይነካናል።

ለፋሲካ የቀየርኩትን አሮጌ ማተቤን ከዳዊቴ ማኅደር አወጣሁ። ወንበር ላይ ወጥቼ ጎማዋን ከሚያነሣው ብረት ላይ አሰርኩት። ማተብ፣ በሽንት ቤት! የቄስ ልጅ ነኝ እኮ። ክፉውን ማሰሬ ነበር ወይስ ክርስትናዬን ማዋረዴ? ያን ጊዜም አልለየሁትም።

በሦስተኛው ቀን ውኃው እንደገና መንሿሿት ጀመረ።

አያ በየነ ተጠርቶ መጣ። «ምነው? ጎማዋ ልክ ነበረች። ልውጣና ልያት» አለ፤ ወንበሩንም ሳበ። ከወጣ ማተቤን ያያል። ካየ ደግሞ የቄሱ ልጅ ማተቧን ከሽንት ቤት ሰቀለች ተብሎ ጎንደር ሁሉ ይሰማል። ይህን ፈራሁ። ወይስ እሱኑ ፈራሁ? ሁለቱንም ይሆናል። ብቻ ወደ እሜቴ ጠጋ ብዬ ተናገርኩ።

«እሜቴ፣ ባይነካው ይሻላል። ያን ዕለት ሲሠራ ያነበንብ ነበር። እኔንም በማግሥቱ ሆዴን ቆረጠኝ።»

ያልኩት ይህ ብቻ ነው። ውሸት ነው? ከንፈሩ ይንቀሳቀስ አልነበረም? ሆዴን አልቆረጠኝም? ነገር ግን ክሩ ከጎማው ሥር እንዳለ ልቤ ጠርጥሮ ነበር፤ እውነቱን ያወቀ አፌ ሌላውን እውነት መርጦ አወጣ።

የእሜቴ ፊት ጠቆረ። አያ በየነ እኔን አየኝ፤ ከዚያ ወንበሩን ከነበረበት መለሰው። «እሺ» ብሎ የመሣሪያ ከረጢቱን አንሥቶ ወጣ። ደብዳቤው አልተጻፈም። እሜቴ ለጎረቤት ነገሩ፣ ጎረቤት ለሌላው ነገረ፤ ቧንቧ ካላቸው ቤቶች ከዚያ ወዲያ አንድም አልጠራውም።

እሱ እንደወጣ እሜቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እኔ ወንበር ላይ ወጣሁ። የማተቡ ጫፍ ከጎማው ሥር ገብቶ ተነክሶ ነበር። ሳብ ባደርገው ውኃው ጸጥ አለ። ያች ጸጥታ እንዴት ያለች ከባድ ነገር ነበረች! ሮጬ ብጠራው እደርስበት ነበር፤ ገና ቁልቁለቱን አልጨረሰም። አልሮጥኩም። ማተቡን በመዳፌ ጨብጬ ቆምኩ።

እሜቴ ተመልሰው ማን አቆመው ሲሉኝ ጠበል ረጨሁበት አልኩ። ይህኛው ውሸት ነው፤ በዚህ እንኳ አልምታታም። እሜቴ አማተቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቱ ጻድቅ ሆንኩ። ሕፃን ሲታመም እኔ እጠራለሁ፤ ዳኛው ወደ ሐረር ሲዛወሩም ያለ እሷ አንሄድም ተብሎ መጣሁ። የምበላው እንጀራ፣ የምከበርበት ስም፣ ሁሉም ከዚያ ሣጥን የወጣ ነው።

ከጎንደር ሳንለቅ አንድ ጊዜ አግኝቼዋለሁ። ለአባቴ ተዝካር ወደ ዛሪማ ስሄድ የተሳፈርኩበት የጭነት ማኪና ወለቃ ላይ ቆመ። አያ በየነ መንገድ ዳር የሚስቱን ጀበናዎች ይደረድር ነበር። አወቀኝ። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ከማኪናው ራቅ ብሎ ቆመ፤ ዓይኑ እንዳይከብደኝ አስቦልኝ ይመስለኛል።

«እኅቴ፣ ውኃዋ ቆመች?»

«ቆማለች» አልኩ።

«እሰይ፣ ሸጋ ነው።» ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣለ። «ሳስበው ጎማዋን አጥብቤ ቆርጫት ኖሯል። አስቸገርኳችሁ፤ ይቅር በይኝ።»

ማኪናው ተነሥቶ ነበር። ልወርድ እችል ነበር፤ መጮህ እችል ነበር። እኔ ግን ምን አልኩ? ከልጅነቴ የተማርኩትን መልስ መለስኩለት።

«ይቅር ለእግዚአብሔር።»

እኔ! እኔ ነኝ እሱን ይቅር ያልኩት።

ደንግጬ ነበር፣ አላዋቂ ነበርኩ፣ አገሩ ሁሉ እንዲያ ይል ነበር ልል እችላለሁ። አልልም። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልልም፤ የተበደለው እሱ ነውና ይቅርታው የሱ ነው። እኔ ከእንግዲህ ያን አገር የማየው አይመስለኝም። ብቻ በወለቃ የምታልፉ ሰዎች ብትኖሩ፣ እሱም በሕይወት ካለ፣ ጎማዋ ልክ ነበረች በሉልኝ።