በአጎቴ ላይ የተማርኩት ሕግ

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ቀን ቀን አካውንቲንግ፣ ማታ ማታ ሕግ እማር ነበር። ይህን ስናገር ዛሬም ሰው “ጎበዝ!” ይለኛል። ጎበዝ አልነበርኩም፤ እንቅልፍ ያጣሁ ልጅ ነበርኩ። አካውንቲንጉን የመረጠልኝ መንግሥት ነው። ምደባ ሲወጣ ስሜ እዚያ ተገኘ፣ ሻንጣዬን ይዤ ሄድኩ። ሕጉን የመረጠልኝ ደግሞ አባቴ ነው። ምደባውን ስነግረው ፊቱን አጨማደደ።

“ሒሳብማ እኔም በጣቴ እቆጥራለሁ” አለ። “አንች ሕጉን ተማሪ። ቀን ካልሆነ ማታ ተማሪው።”

አባቴ ሕግ የፈለገው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነበር፤ ታናሽ ወንድሙን ለመርታት። ከቡሬ ወጣ ብሎ ከአባታቸው የወረሱት መሬት ጎን ለጎን ነው። አጎቴ ድንበሩ ላይ ባሕር ዛፍ ተከለ፤ ዛፉ ሽቅብ ወጣ፤ የአባቴ በርበሬ ከሥሩ ጫጨ። መጀመሪያ በቤት ተነጋገሩ፣ ከዚያ በሽማግሌ፣ ከዚያ ቡሬ ፍርድ ቤት። አባቴ ደግሞ ባጭሩ መናገር አያውቅበትም። የበርበሬውን ነገር ከአያቱ ቀብር ይጀምረዋል። ዳኛው “ባጭሩ ይናገሩ” ሲሉት ይደናገርና ጭራሽ ዝም ይላል። አጎቴ አንደበቱ ቅቤ ነው፤ ተፈረደለት። አባቴ ይግባኝ ብሎ ነገሩን ፍኖተ ሰላም ከፍተኛ ፍርድ ቤት አደረሰው። ልጅ ለወላጁ በውክልና መቆም እንደሚችል የሰማ ዕለት ደግሞ “ጠበቃዬ ከቤቴ ትወጣለች” ብሎ ለአገር ምድሩ አወራ።

ችግሩ፣ አጎቴ ለእኔ ሌላ አባት ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ቡሬ ከተማ የተማርኩት እሱ ቤት ተቀምጬ ነው። ጠዋት ቦርሳዬ ውስጥ ቆሎ የሚጨምርልኝ እሱ ነበር፤ ደብተሮቼ ሁሉ የሽምብራ ሽታ ነበራቸው። ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላውን ይዞ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ይጠብቀኛል። አባቴ ከከሰሰው በኋላ እንኳ እኔን “እናቴ” ብሎ መጥራቱን አልተወም። እና ማታ ክፍል ቁጭ ብዬ መምህሩ “ተከራካሪ ወገን” ባለ ቁጥር የሚታየኝ እሱ ነው፣ ከነጃንጥላው።

ድካሙን በምን ቃል ልንገራችሁ? ከቀኑ ትምህርት ወጥቼ የማታው እስኪጀመር ያለችው ጊዜ ወይ ለእራት ትበቃለች፣ ወይ ለእንቅልፍ። እኔ እንቅልፉን እመርጥ ነበር፤ ስለዚህ ከሳሁ። አንድ ጊዜ የኦዲቲንግ ፈተና ላይ ስለ ዕቃ ቆጠራ ተጠይቄ ስለ ክስ ይርጋ ጽፌ ወጥቻለሁ። ከወጣሁ በኋላም ደህና የሠራሁ ነበር የመሰለኝ። የዶርም ልጆች “ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም” እያሉ ይተርቡኛል። እውነታቸውን ነው። ግን ከየትኛው ልውረድ? አንዱ የመንግሥት ነው፣ አንዱ የአባቴ።

በመጨረሻው ዓመት፣ ልክ በፈተና ሰሞን፣ የይግባኙ ቀጠሮ ደረሰ። የአካውንቲንጉን ፈተና በዋዜማው ተፈትኜ፣ ምንም ሳልተኛ ማለዳ መኪና ያዝኩ። ፍኖተ ሰላም ፍርድ ቤቱ ግቢ ስደርስ አባቴና አጎቴ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አንድ ዳቦ ቆርሰው ይበላሉ። አልገረመኝም። ከቡሬ ሁልጊዜም በአንድ መኪና ነው የሚመጡት። የሚጣሉት ዳኛ ፊት ብቻ ነው።

“ምነው እናቴ፣ ጠቆርሽሳ?” አለኝ አጎቴ።

“ደክሟት ነዋ! ሕግ ቀላል መሰለህ?” አለ አባቴ በኩራት።

“አውቃለሁ እንጅ።” ወደ እኔ ዞረ። “ስትቆሚ ታዲያ ደህና አርገሽ ቁሚ፣ እሽ? በልጀ ተረታሁ ብል አላፍርም።”

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ተራችን እስኪደርስ ብዬ ከዛፍ ሥር ተቀመጥኩ፤ ከዚያ በኋላ የማውቀው ነገር የለም።

ስነቃ ፀሐዩ ዞሯል፣ የዛፉ ጥላም ሸሽቷል። እኔ ግን ጥላ ውስጥ ነኝ። አጎቴ ጃንጥላውን ዘርግቶ ከራሴ በላይ ቆሟል፤ የራሱ ፊት በፀሐይ በስሏል።

“ተጠራን?” ብዬ ዘልዬ ተነሳሁ።

“ተጠራን። አባትሽ ‘ልጀን አሟታል’ ብሎ ቀጠሮ ጠየቀ። እኔም አልተቃወምሁ። ተሰጠን።”

ንዴቴ ከእግር ጥፍሬ ተነሳ። በሁለቱም ተናደድኩ። አንዱ ሊያስተኛኝ፣ አንዱ ጥላ ሊይዝልኝ ይስማማሉ፤ ከመሀላቸው ሊያወጡኝ ግን አይስማሙም። ሌላ ቀጠሮ ማለት ሌላ ወራት እዚያው ነገር ውስጥ መክረም ነው። አቅሙ አልነበረኝም።

ስንመለስ ሦስታችንም በአንድ መኪና ተሳፈርን፤ እነሱ ቡሬ ሊወርዱ፣ እኔ ባሕር ዳር ልቀጥል። አጎቴ ከፊት ተቀመጠ፣ አባቴ ከጎኔ።

“አባባ፣ አይቆጡኝ” አልኩት። “ለቀጠሮው አልመጣም። ጋሼ ላይ አልቆምም።”

እጁ የከዘራውን ጫፍ ሲያሻሽ አያለሁ።

“ታዲያ ሕጉን ለምን ተማርሽው?”

“እርስዎ ስላሉኝ።”

“ሒሳቡንስ?”

“ስለመደቡኝ።”

ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ኋላ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “አንችስ?” አለ። “አንችስ ምን ነበር የምትፈልጊ?”

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ አባቴም፣ ምደባ ያወጡትም፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ደህና መልስ ፈለግሁ። ሐኪም፣ አስተማሪ፣ ምን ልበል? አፌ ላይ የመጣው አንድ ቃል ብቻ ነው።

“መተኛት።”

ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። ዞሮ አየኝ፤ ዓይኔን፣ የከሳ አንገቴን፣ እንደ አዲስ ሰው አየኝ። ከዚያ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ጉልበቴ ላይ ጣለው።

“ለወንድሜ እኔው እበቃዋለሁ” አለ። “አንች ተኝ።”

ቡሬ ስንደርስ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር እንጂ አልተኛሁም። ሁለቱ ሲወርዱ፣ በሩ ላይ ረዳቱን ሲያስቆሙት ሰማሁ።

“ያችን ልጅ ባሕር ዳር እስክትገባ እንዳትቀሰቅሳት” አለ አባቴ።

“መጋረጃውንም ዝጋላት፣ ፀሐይ እንዳያገኛት” አለ አጎቴ።

ረዳቱ መጋረጃውን ሳበው። ጋቢውን እስከ አፍንጫዬ ድረስ ሳብኩና፣ መኪናው ከከተማው ሳይወጣ እንቅልፍ ወሰደኝ።