ያልነበረችኝ ሰንበት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለቄሱም ቢሆን። ዛሬ ግን አንባቢዬ፣ አንተው ቄስ ሁንልኝ።

ከሱዳኑ የሰላም ስምምነት በኋላ ጁባ ተመልሼ አንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ተቀጠርኩ። ሥራው በሳምንት ስድስት ቀን ነው። እንደ እኔው ኢትዮጵያ ካደገችው ባልደረባዬ ከአቾል ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ በተራ እንገባ ነበር። እሷ የምታርፍበት ቅዳሜ ሲደርስ የወንዙን ድልድይ ተሻግራ ሸሪካት የሚባል ሰፈር እናቷ ዘንድ ታድራለች። የእኔ ሲደርስ እተኛለሁ። ታዲያ እንቅልፍ ሁለት ሳምንት ይጠበቃል?

ዋሸሁ። አዎ፣ እኔ ዋሸሁ። አለቃችን ቢሮ ገብቼ፣ ፊቴን የጾመኛ አስመስዬ፣ "እኛ ኢትዮጵያ ያደግን ሰዎች ቅዳሜም ሰንበታችን ነው" አልኩት። ለሚያከብሩት እውነት ነው፤ እኔ ግን አንድም ቅዳሜ አክብሬ አላውቅም። አለቃችን በሃይማኖት አይከራከርም፤ የቅዳሜውን ሥራ ሁሉ ለአቾል ሰጣት። እሷ ልታጋልጠኝ ትችል ነበር።

"አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የጸናኸው?" ብላ ሳቀች። "ካልክ እሺ። ለእኔም ጸልይልኝ።"

የጸለይኩት ግን ትራሴን አቅፌ ነው። ያውም ተሳቅቄ! የሆስፒታሉ ሾፌር ካቶር ጎረቤቴ ስለሆነ፣ በሰንበቴ ልብስ ሳጥብ እንዳያየኝ በር ዘግቼ፣ ላብ በላብ ሆኜ፣ አልጋዬ ሥር አጥብ ነበር። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔ እያደር ከበደ።

አቾል እናቷን የምታየው እሑድ ብቻ ሆነ፤ ደርሳ ያኑ ቀን መመለስ። አንድ ሰኞ ካርድ እየደረደረች፣ "እናቴ ትናንት ምን አለችኝ መሰለህ? 'እንግዳዬ፣ መጣሽ?'" አለችኝ። እየሳቀች ነው የነገረችኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ምን ዓይነት ሰው ነው እዚያ ላይ የሚስቅ?

ከዓመት በኋላ ሥራው አምስት ቀን ሆነ። አቾል እየሮጠች መጥታ እጄን ጨበጠችኝ።

"ማብሩክ፣ እንኳን ደስ አለህ! ጸሎትህ ተሰማ! ከእንግዲህ ዓርብ ማታ ሸሪካት ነኝ!"

እኔ ዓይን አውጣውም "አሜን" አልኩ።

አቾል፣ ደክሞኝ ነበር አልልም፤ አንቺም ደክሞሽ ነበር። ቅዳሜዎችሽን ተኝቼባቸዋለሁ፤ ይቅር በይኝ። እናትሽን ግን ባንቺ በኩል ይቅርታ አልጠይቅም። ድልድዩን ተሻግሬ፣ በቅዳሜ፣ ራሴ እሄዳለሁ።