የመምህርት ጂቱ የክረምት ደብተር

በሐምሌ አንድ ጠዋት፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከአዳማ ወደ ሶደሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ታክሲ ስጠብቅ አንድ ባጃጅ መሀል መንገድ ላይ ቀጥ አለ። ሾፌሩ ጃዕፈር የሰፈራችን ልጅ ነው። ወርዶ ሁለት እጁን ዘረጋና ከኋላው የመጣውን የጭነት መኪና አስቆመ። አንዲት ኤሊ አስፋልቱን እያቋረጠች ነበር። «ሱታ፣ ሱታ» ይላታል፤ ቀስ በይ፣ አትቸኩዪ ማለቱ ነው። የጭነት መኪናው ሾፌር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ መንጃ ፈቃድ እንዳላት ጠየቀ። ጃዕፈርም «መጀመሪያ ያንተን አሳያት» አለው።

ማዶ አሥር የሚሆኑ ልጆች ቁጢጥ ብለው ያያሉ። የእኔዋ ሌንሳም አለችበት። ኤሊዋ ሣሩ ውስጥ ስትገባ አጨበጨቡ፤ እኔም በልቤ አምላኬን አመሰገንኩ። መምህርታቸው ጂቱ ግን ፊቷ አልተፈታም። ተሻግሬ ሰላም ስላት፣ «እንግዲህ ይህም ገጽ አይሞላም» አለችኝ።

መምህርት ጂቱ የመቂ ልጅ ናት። ከአባቷ የሽንኩርት ማሳ ቦይ ዳር ተቀምጣ ውኃው ላይ የሚሄዱትን ነፍሳት ስታይ አደገች። ሁለተኛ ክፍል ማስተማር ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ክረምት ክረምት ደግሞ የሰፈሩን ልጆች በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ትሰበስባለች፤ ብዙውን ጊዜ ግን ውጭ አውጥታ ነፍሳቱንና ወፉን እንዲያዩ ታደርጋለች። ወላጅ ማታ ማታ ደብተር ይገልጣል፤ የተጻፈ ገጽ ካላየ ልጁ አልተማረም። እኔም ስገልጥ ኖሬአለሁ። ባለፈው እሑድ የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ኪዳነወልድ፣ መሬት መጫሩንማ ልጆቹ ከዶሮዎቻችን በነጻ ይማሩት ነበር ብለው ሰዉን አሳቁ። በሚመጣው እሑድ ልጆቹን ውጭ ማውጣቱ ጨርሶ ይቅር አይቅር በስብሰባ ይወሰናል።

እዚያው ቆመን የአምናውን ነገረችኝ። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ካለው ግራር ላይ ቢጫ ወፎች ጎጆ ሠሩ። ወንዱ የሣር ክር እየሰነጠቀ ሲቋጥር፣ ሴቷ ገብታ አይታ ጥላው ስትሄድ፣ እሱም አፍርሶ እንደገና ሲጀምር ልጆቹ አንድም ቀን ሳያመልጣቸው ተከታተሉ። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላ ግን የባዶ ገጽ ወቀሳው በዛባት። ልጆቹን አዳራሽ አስገብታ «ወፏ ቢጫ ናት» የሚለውን በእንግሊዝኛ ሃያ ሃያ ጊዜ አስጻፈቻቸው። ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሆነ። ሲወጡ ጎጆው ባዶ ነበር።

«ወላጅ አልተቆጣም» አለች። «ደብተሩ ሞልቶ ነበራ። ኢፍቱ የምትባል ትንሽ ልጅ ብቻ፣ ቲቸር፣ መቼ በረሩ አለችኝ። ምን ልበላት? ሳስጽፋችሁ ልበላት?»

ዘንድሮም ወፎቹ መጥተዋል፤ እንቁላሉ ተፈልፍሏል። ስብሰባው ላይ እሷ ብትናገር ሥራ ጠልታ ነው እንደሚሏት ታውቃለች። እኔም እንጸልይበት፣ እግዚአብሔር ልባቸውን ያቀናል አልኳት።

«መጸለዩንስ እየጸለይኩ ነው» አለች ቆጣ ብላ። ልጆቹ እንዳይሰሟት ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«የሌንሳ አባት፣ እስከ እሑድ ደብተሯን አይክፈቱት። ማታ ማታ፣ ዛሬ ምን አየሽ ብለው ይጠይቋት። የምትነግርዎትን ደግሞ ስብሰባው ላይ ቆመው ይናገሩልኝ።»